አራት ነጥብ

ሥራዬን የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር፣ ይህን እለዋለሁ፦
ረሆቮት፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ ነጥብ እቆጥራለሁ።
ከመርፌ ጫፍ የምታንስ ነጥብ፣ በጥንዚዛ አንገት ላይ፣
ማይክሮስኮፕ ካልገለጣት በፀሐይ የማትታይ።
ቀኝ ረድፍ፣ ግራ ረድፍ፤ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፤
ዐይን ከተሳሳተ ደግሞ፣ ከአንድ መነሣት።

አስተኔው አጭር ለባሽ ነው።
ሌላው ጥንዚዛ ካባውን እስከ ጭራው ሲለብስ፣
ይሄኛው ወገቡ ጋ ያልቅበታል ልብስ፤
ሆዱ ውጭ ያድራል፣ ቀለበት በቀለበት፣
ቢነኩት እንደ ጊንጥ ጅራት ሽቅብ የሚታጠፍበት።
(አይናደፍም። የሌለውን መርዝ ያስፈራራበታል።)
ከዚያች ከአጭር ካባ ሥር ግን ሙሉ ክንፍ አለው፣
እንደ ኪስ ደብዳቤ ታጥፎ፣ ተሰብሮ፣ ዳግም ተሰብሮ፣
የተላከለት ሰው እስኪመጣ ጨለማ ውስጥ አድሮ።

ወገኑ ፊሎንቱስ ይባላል።
ግሪኩን ዮኼቬድ ስትፈታልኝ ሣቅ እየቀደማት ነበር፦
«እበት ወዳድ» ማለት ነው፤ ይኸው የሊቃውንት ክብር።
አልወደድኩለትም። እርሱ መች እበት ወደደ?
የዝንብ እጭ ሊያድን ነው እንጂ እዚያ የወረደ።
በቆመበት ቦታ ለሰውም ስም ሲወጣለት፣
ምን እንዳቆመው፣ እስኪ፣ ማን ጠየቀለት?

የሚያመጣልኝ አባቴ ነው፣ አዛነው፣
ሃያ ሁለት ዓመት የሞሻቭ ላሞችን በረት የጠረገው።
ጡረታ ወጥቶም አልተወም፤ ኀሙስ ኀሙስ በጧት
ከአውቶቡስ ይወርዳል፣ ታቅፎ የኪያር ብልቃጥ፤
ውስጡ አልኮል፣ አልኮሉ ውስጥ ጥቁር ጥቁር ነገር።
ዘበኛው ብልቃጡን ያያል፣ አባቴን ያያል፣ ደግሞ ብልቃጡን።
ምድር ቤት ግን አይገባም። «ልብሴ ይሸታል» ይላል፤
ደረጃው አናት ላይ አስረክቦኝ፣ ኮፍያውን ደፍቶ ይመለሳል።

አንድ ኀሙስ፣ በረሃ ያመጣው ነፋስ ከተማውን ሲጠብስ፣
አንዱን አወጣሁ ከብልቃጡ፣ በቀኝ ካባው ወጋሁት፣ ቀስ።
ጥቁር፣ ለሠርግ እንደ ተወለወለ ጫማ፤
ካባው ብቻ ነሐስ ነሐስ የሚል፣ በደማቁ ጨለማ።
ቀኝ ረድፉን ቆጠርኩ። አራት።
አባቴ ፊደል ሲያስቆጥረኝ የሚለው ትዝ አለኝ፦
«አራት ነጥብ ስታዪ ትንፋሽሽን ሰብስቢ፤ ነገር አልቋል።»
ግራ ረድፉን ቆጠርኩ። አምስት።
ደገምኩ። አምስት።
መነጽሬን በቀሚሴ ጠረግሁ። አምስት።

የመለያው መጽሐፍ መንታ መንገድ ነው፤ በየገጹ ያቆምሻል፣
«አራት ከሆነ ወዲህ ሂጂ፣ አምስት ከሆነ ወዲያ» ይልሻል።
ሁለቱንም ለሆነ የቀደደው መንገድ የለም።

እዚህ አገር በገባን በሳምንቱ፣ በመቀበያው ጣቢያ፣
ጸሐፊው «ስም?» ሲለው አባቴ ሰባት ቤት ቆጠረ፣
ቀና ብሎ፣ እንደ ለመደው፣ አንድም ሳይደነቃቀፍ።
ቅጹ ሁለት ሣጥን ነበረው።
ሁለቱ ሞላ፣ ማኅተም ተመታ፣ አምስቱ አየር ላይ ቀረ።

ዮኼቬድን ጠራኋት። ጎንበስ ብላ ብዙ አየች።
«ወንድ ነው፣ ብልቱን አውጪና እዪ፣ እርሱ አይዋሽም» አለች።
አወጣሁ። ከአራቱም ከአምስቱም አልገጠመ።
ወንበሯን ሳበች፣ ጣቷን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገች፦
«እንግዲህ ወገኑን ጻፊ። ዝርያውን ክፍት ተዪው።»

ካርዷ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ታንሳለች።
ቦታ። ቀን። የላም እበት።
ሰብሳቢ፦ አዛነው ወሌ።
ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቅሁና ገለበጥኳት፤
በጀርባዋ፣ በቀጭኑ ብዕር፣ ትንፋሼን ይዤ፣
ዳኘው። ጓንጉል። ቢያድጎ። አየልኝ።
ለጎሹ ቦታ ጠበበኝ፣ ጠርዟ ላይ አጥፌ ጻፍኩት።
መሳቢያው ተዘጋ።

በሳምንቱ ደረጃው አናት ላይ፣ ብልቃጡን ሳይሰጠኝ፣
«ያ ነገር ስም አገኘ?» አለኝ።
«ወገኑ ታወቀ» አልኩት።
«ይበቃዋል» አለ።
ብልቃጡን ወደ ሌላው ክንዱ አዛወረ፣
የኮቱን እጅጌ አሸተተ፣
ወደ ታች ወደ መብራቱ አየና
አንድ ደረጃ ወረደ